ሩቅ ያለ ቡድን ስለ መውደድ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ያስቅ ይሆናል። የምናገረው በዓይኔ አይቼው ስለማላውቀው፥ እርሱም መፈጠሬን እንኳ ስለማያውቅ አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው፤ ስለ አሜሪካው ቦስተን ሴልቲክስ።

በበረዶው ወራት ቦስተን ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን መራዊ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ነው። እነርሱ ጨዋታ ሲጀምሩ እኛ ዘንድ ዶሮ ሊጮህ ይቃረባል። ባለፈው የመንፈቅ ዕረፍት አገር ቤት ሳለሁ፥ ጋቢ ተከናንቤ በስልኬ ውጤቱን ስከታተል እናቴ ብርሃኑን አይታ በድንጋጤ ተነሣች።

«ምነው ልጄ፥ ማን ሞተ?» አለችኝ። በሌሊት ስልክ የሚያስይዝ ሌላ ምን ጉዳይ አለ?

«ማንም አልሞተም እማዬ፤ ቡድኔ እየተጫወተ ነው።»

«የማን አገር ልጆች ናቸው?»

«የአሜሪካ።»

«ያውቁሃል?»

«አያውቁኝም።»

ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያው እነርሱ ቢያሸንፉ አንተ ምን ትሆናለህ?» አለችና ተመልሳ ተኛች። እኔም መልስ አጥቼ ነጋ።

ይህ ጥያቄ የእኔ ብቻ አይደለም። በመራዊም ሆነ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬም ሆነ በአዲስ አበባ፥ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየዲኤስቲቪ ቤቱ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር የሚከራከረው ወጣት ሁሉ ሊመልሰው ይገባል። ባልተጠራንበት ሠርግ የምንጨፍር ነን የሚሉን አሉ። ወቀሳውን በከፊል እቀበላለሁ። ሴልቲክስ እ.ኤ.አ. በ2024 ዳላስን 4 ለ 1 አሸንፎ 18ኛውን ዋንጫ መውሰዱን ብቻ ባውቅ ኖሮ፥ ለእናቴ የምመልሰው ባልነበረኝም።

ነገር ግን ቡድን ማለት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ታሪክም አለው። ከሴልቲክስ ተጫዋቾች መካከል ቢል ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ የወሰደ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ኬንታኪ ውስጥ ወደምትገኘው ሌክሲንግተን ከተማ ሄደ። በዚያም በሆቴሉ ካፌ ጥቁር ጓደኞቹ በቀለማቸው ምክንያት አናስተናግድም ተባሉ። ራስልና ጥቁር ጓደኞቹ «እንግዲያው አንጫወትም» ብለው ከተማውን ለቀው ሄዱ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሞት ሊጉ የለበሰውን 6 ቁጥር ለክብሩ ሲል በየትኛውም ቡድን ለአዲስ ተጫዋች እንዳይሰጥ ወሰነ።

በነጋታው ቡና ሲፈላ ይህን ታሪክ ለእናቴ ነገርኋት። ሲኒውን እያቀረበች «እንግዳ ሰው ቡና ይከለከላል? ትቷቸው መሄዱ ደግ አደረገ!» አለች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መልሱን ያገኘሁት በዚህ ጊዜ ነው። ቡድኔ ቢያሸንፍ እኔ ምንም አልሆንም። የሚለውጠኝ ከቡድኑ ሰዎች የምማረው ነገር ነው። ጨዋታ የሚወድ ሰው ክብሩ ሲነካ ጨዋታውን መተው እንደሚችል ከራስል ተምሬአለሁ። ይህንም ትምህርት ያገኘሁት ውጤት ፍለጋ በነቃሁበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ቡድን አትውደዱ አልላችሁም። የምትወዱትን ቡድን ታሪክ መርምሩ፤ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አትከራከሩ እላችኋለሁ። ደግሞም ለሰው ጨዋታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምንነቃ ሰዎች፥ ቅዳሜ ጧት ራሳችን ለመጫወት ከአልጋ መነሣት ቢያቅተን ያሳፍራል።

ወደ ትምህርቴ ልመለስ ስሰናዳ በመጨረሻው ሌሊት እናቴ እንደገና ብርሃኑን አየች። በዚህ ጊዜ ግን አልደነገጠችም። ከመኝታዋ ሆና «የዚያ ሰውዬ ልጆች አሸነፉ?» ብላ ጠየቀችኝ።