የይሁዳ አንበሳ የማን ነው?

(በሮማ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በባዕድ አገር የምንገኝ ተማሪዎች በተሰበሰብን ቁጥር፣ ወደ ጉዳያችን ሳንገባ ስለሚሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ እንጣላለን። አንዱ አንበሳ ያለበትን፣ ሌላው ኮከብ ያለበትን፣ ሦስተኛው ምንም የሌለበትን ይላል። ክርክሩ ከንቱ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሥሩ ሳይመረመር በጩኸት አይፈታም።

በዚህች ከተማ፣ በተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በጥንት ግብፃውያን የተጠረበ ሐውልት ቆሟል። ኢጣልያኖች በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ አደረጉት። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ደግሞ፣ በ1930 ለዘውድ በዓል የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ከዚሁ ሐውልት ሥር አኖሩት። የዶጋሊን ደም መለስን ማለታቸው ነበር።

በ1938 ዘርዓይ ደረስ የተባለ ወጣት በዚያ ስፍራ ሰይፍ መዞ ተነሣባቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች በዕለቱ ዝርዝር አይስማሙም፤ መታሰሩና በ1945 በሲሲሊያ፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንደ ተዘጋበት መሞቱ ግን አያከራክርም። ዘርዓይ የቤተ መንግሥት ሹመኛ አልነበረም፤ የተወለደውም በኢጣልያ ቅኝ ግዛት በኤርትራ ነው። ዛሬ ኢትዮጵያም ኤርትራም ጀግናዬ ይሉታል።

አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ቆመ። ከ1974 አብዮት በኋላ ግን ከሰንደቅ ዓላማው ተነሣ። በ1996 ባለ ኮከቡ ዓርማ ገባ፤ በ2009 የወጣው አዋጅም ዓርማ የሌለበትን መጠቀም ከለከለ። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ማኅተም በሕዝብ ጨርቅ ላይ አተመ ማለት ነው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። በፋሺስት ፊት የነጻነት ምልክት የነበረው አንበሳ፣ መሬቱን ለተነጠቀው የደቡብ ገባር የመልከኛው ማኅተም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የመጀመሪያውን የካደ የአርበኛውን ደም ይክዳል፤ ሁለተኛውን የካደ የገባሩን ላብ ይክዳል።

ስለዚህ የምሰቀለውን በእጅ ብልጫ ለመወሰን አንቸኩል። አስቀድሞ እያንዳንዱ ምልክቱ ለወላጆቹ ምን እንደነበረ ይናገር፤ የማይስማማውም እስከ መጨረሻው ያድምጥ። ባዕድ የወሰደብንን አንበሳ አስመልሰናል። እርስ በርሳችን የተነጣጠቅነውን ግን ካልተደማመጥን ማንም አይመልስልንም።