ከሰረ የሚለው ቃል



በዚህ በወረታ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንደሚገኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጃፓኑ ድርጅት ጃይካ በሩዙ ሥራ ስለ ረዳ፣ ከመካከላችን ጃፓንኛ መማር የጀመርን አለን። አስቀድመን ከያዝናቸው ቃላት አንዱ «ሴይሳን» ነው፤ ማምረት ማለት ነው። «ሳን» የሚጻፍበት ምልክት ግን ሌላም ቦታ ይገኛል። «ሃሳን» ቢሉ ሀብት ተሰበረ፣ «ቶሳን» ቢሉ ሀብት ወደቀ እንደ ማለት ነው። ማምረትን የተማረ ሰው ሳያውቀው የመክሰርን እኩሌታ ተምሯል።

ቃላቱ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የዓመቱ ሒሳብ ቢጎድል «አካጂ»፣ ማለት ቀይ ጽሕፈት፣ ይሉታል፤ ይህ ገና ጉድለት ነው። ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ሥራው ሲቆም ቶሳን ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገብቶ ንብረቱ ለአበዳሪዎች ሲከፋፈል ሃሳን ይባላል። ከአበዳሪ ሸሽቶ በሌሊት ቤት ጥሎ መጥፋት እንኳ ስም አለው፤ «ዮኒጌ»። (ቃሉን ባናውቀው ነገሩን እናውቀዋለን።)

እኛ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ሁሉ «ከሰረ» ብለን እናልፋለን። ከዐረብኛ የመጣ የነጋዴ ቃል ነው። የሁሉም ሽንኩርት ባንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋ የወደቀበት የፎገራ ገበሬ ከሰረ ይባላል፤ ሱቁን የዘጋው ከሰረ፤ ፍርድ ቤት መክሰሩን ያወጀበትም ከሰረ። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ሰዎቹም በሕግ ፊት አንድ ይመስሉናል። አልነበሩም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የኪሳራን ሥርዓት የሠራው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነበር፤ መሬቱን የሚያርሰውን ሰው ግን ከነጋዴ አይቆጥረውም። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ እስኪተካ ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል ሲሠራበት፣ ገበሬው በሰው አፍ ሲከስር ኖረ እንጂ በሕጉ መዝገብ አልገባም። በሬውን ሸጦ ወይም ማሳውን አከራይቶ ዕዳውን ይገፋል፤ ዕዳው የሚያበቃበትን ቀን የሚነግረው ዳኛ ግን የለም።

በጃፓን ከ1944 ዓ.ም. ወዲህ፣ ገበሬም ቢሆን፣ በሃሳን ሥርዓት ያለፈ ሰው ፍርድ ቤት ከፈቀደለት ከቀሪው ዕዳ ነፃ ሊወጣ ይችላል። ይህ «ሜንሴኪ» ይባላል። በአማርኛ ምን እንበለው? «ምሕረት» ብንል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደናል፤ «ስረዛ» ብንል የጽሕፈት ቤት ማኅተም ይሸታል። መምህራኖቻችን የተሻለ ቃል ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ ብትነግሩን እንወዳለን።