ውርጭና እንግዶቹ ወፎች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የአትክልት ክበብ አባላት ያሰሙት ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እኛ የአትክልት ክበብ አባላት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የምንነግራችሁ ስለ ሥራችን መልካምነት ብቻ ሳይሆን ስለ ሠራነውም ስሕተት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ ድንችና ጎመን ተክለን ነበር። አገራችን የሰሜን ሸዋ ደጋ መሆኑን ታውቃላችሁ። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ስንመጣ የሚበዛው ድንች ጠቁሮና በፈላ ውኃ እንደ ተነከረ ሁሉ ተኮማትሮ አገኘነው። በመደቦቹ መካከል ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ትንንሽ ወፎች ጅራታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ ይመላለሱ ነበር። እኛም ምንም ሳንመረምር «ሌቦቹ እነዚህ ናቸው!» ብለን ወንጭፋችንን አነሣን። አንዱ ድንጋይ አንዲቱን ወፍ መትቶ ጣላት።

የባዮሎጂ መምህራችን ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። አልተቈጡንም፤ ነገር ግን የሞተችውን ወፍ በእጃችን ላይ አኑረው «እስቲ መንቈሯን ተመልከቱ» አሉን። እህል የሚበላ ወፍ መንቈሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ የዚህች ግን ቀጭንና ሹል ነበር። ኋላም በቤተ ሙከራ ሆዷ ሲከፈት የተገኘው የዝንብ ክንፍና የጢንዚዛ ቅርፊት እንጂ አንድም የቅጠል ቍራጭ አልነበረም።

ከዚያም ወደ አትክልቱ መለሱን። ጎመኑ ምንም አልሆነም፤ በግንቡ ሥር ያለው ድንችም ለምለም ነበር። የጠቆረው ዝቅ ባለው ሥፍራ ያለው ነው። አጥፊው ወፍ ቢሆን ኖሮ ለስላሳውን ጎመን ስለ ምን ተወው? እንግዲያው ጥፋተኛው ሌሊት መጥቶ ማለዳ የሄደው ውርጭ ነበር።

ደመና በሌለበት የበጋ ሌሊት ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየርም ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። የድንች ቅጠል ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ይሆንና ቅጠሉን ይጎዳዋል፤ ፀሐይ ስትወጣም ይጠቁራል። ግንቡ ግን ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ አጠገቡ ያለውን አዳነ። ጎመን ደግሞ ከድንች ይልቅ ብርድን ይችላል።

ስለ ወፊቱም ተማርን። በሳይንስ ስሟ ሞታሲላ ፍላቫ ትባላለች፤ ክብደቷ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ግራም ነው። የምትፈለፍለው በአውሮፓና በእስያ ሲሆን፣ በዚያ ብርድ ሲገባና ሦስት አጽቂዎች ሲጠፉ በረሃና ባሕር ተሻግራ ወደ እኛ ትመጣለች። በእኛም ደጋ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ነገር ግን ቀን ፀሐይ ሲሞቅ የምትለቅመው ነፍሳት አታጣም። እንግዲህ ከውርጭ አገር የመጣችውን እንግዳ እኛ በውርጭ ጥፋት ከሰን ገደልናት።

በዴንማርክ አገር በቪቦርግ ከተማ መምህር የነበሩት ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. በ165 ወፎች እግር ላይ ቍጥርና አድራሻ ያለበት የአልሙኒየም ቀለበት አሠሩ። ወፎች ወዴት እንደሚሄዱ በቀለበት የማጥናት ሥራ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። እኚህ ሰው ወፍ የያዙት ሊጠይቋት ነው፤ እኛ ግን ሳንጠይቅ ፈረድን።

ከዚያ ወዲህ ወንጭፎቻችንን ሰብስበን ለዕቃ ቤት አስረከብን። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ባለ ምሽት ዝቅተኛውን መደብ ገለባ እናለብሰዋለን፤ ማለዳም እናነሣለታለን። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝም ቀን መሬቱን እናጠጣለን። በ2017 ዓ.ም. ውርጭ የመታን ሁለት መደብ ብቻ ነው። ወፎቹ የመጡበትንና አመዳይ የታየበትን ቀን የምንጽፍበት ደብተርም ከፍተናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍነው የገደልናትን ወፍ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ወንጭፍ ይዘው ብታዩ መንቈሩን አይተው እንደ ሆነ ጠይቁልን። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ደብተሩን ተረክበው እንዲቀጥሉበት አደራ እንላለን።