የቁጣችን ዋጋ



ፌስቡክ ላይ የፖለቲካ ስድብ አይተን የቁጣ ምልክቱን ስንጫን ስድቡን የተቃወምን ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 የቁጣ ምልክቱን፣ እንደ ሌሎቹ የስሜት ምልክቶች ሁሉ፣ ከአንድ ‹‹ላይክ›› 5 እጥፍ አድርጎ ይቆጥረው ጀመር። ስለዚህ ሰው የተቆጣበት ጽሑፍ ለብዙ ሰው ይታይ ነበር። የምልክቱ ዋጋ ዜሮ የሆነው በ2020 ነው፤ ዓለም ይህን ያወቀው ደግሞ በ2021 የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ሲወጡ ነው።

ይሁን እንጂ ለመቃወም ብለን የምናጋራው ጽሑፍ ዛሬም መሰራጨቱ አይቀርም። ስድብን በስድብ ስንመልስም የጠላነውን ነገር የምናሳድገው እኛው ነን። ስድቡ ደግሞ ከስልክ ወጥቶ፣ በዕድርና በለቅሶ አብሮን ከሚቀመጠው ጎረቤታችን ጋር ያቀያይመናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሱረቱል ሑጁራት (49፡6) ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። ያላጣራነውን አናጋራ። የአንድን ሰው ጥፋት ለወገኑ ሁሉ አናሸክም። ንዴቱ ካየለብንም ስልኩን አስቀምጠን ውዱእ እናድርግ።

አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም!