በትንፋሽ መሣሪያዎች የምላስ አመታትን ስለ ማስተማር



ስለ ምላስ አመታት እንድናገር ስጠየቅ በመጀመሪያ ትዝ ያለኝ የራሴ ስሕተት ነው። በትርፍ ጊዜዬ ትራምፔት የማስተምረው አንድ ወጣት፣ ኖታዎቹ ሲፈጥኑ እየተደባለቁ ቢያስቸግሩት፣ «ምላስህን አጠንክር፣ ምታው» እያልሁ ወራት ሙሉ አደከምሁት። ልጁም እንደ ታዘዘው አጠነከረ፤ ድምፁ ግን እየታነቀ ሄደ። ኋላም ፈጣን ዜማ በመጣ ቁጥር መሣሪያውን ከከንፈሩ ያወርድ ጀመር።

ጉዳዩን በስሌት እንመልከተው። ሜትሮኖሙ 120 ላይ ሆኖ በአንድ ምት አራት ኖታ ቢነፋ፣ በሰኮንድ ስምንት ኖታ ይሆናል። «ቱ ቱ ቱ» እያሉ በነጠላ ምት ከዚህ ብዙ አልፎ መሄድ ለአብዛኛው ነፊ አዳጋች ነው። ስለዚህ የምላስ ጫፍና የምላስ ሥር ሥራውን ይካፈሉታል፤ «ቱ ኩ ቱ ኩ»። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት አርባን እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው የኮርኔት ማስተማሪያ ለሦስትዮሽ ምት «ቱ ቱ ኩ»ን መርጧል። ከእርሱ በፊት ጀርመናዊው ክቫንትስ በ1752 ለፍሉት ነፊዎች «ዲድል»ን ጽፎላቸው ነበር።

ነገር ግን «ቱ ኩ» ወደ እኛ አፍ ሲመጣ አንድ እንቅፋት ይገጥመዋል። አማርኛ ከ«ተ» ጎን «ጠ»፣ ከ«ከ» ጎን «ቀ» አለው። ተማሪው አጠንክር ሲባል ሳይታወቀው «ጡ ቁ» ይላል። እነዚህ ድምፆች የሚነገሩት ደግሞ ጉሮሮ ተዘግቶ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከሳንባ የሚመጣው አየር ይቋረጣል። ተማሪዬ ምላሱ ደካማ አልነበረም፤ ቧንቧውን ከሥሩ የዘጋበት እኔ ያስለመድሁት «ጡ» ነው። የውኃ መሐንዲስ ሆኜ ይህን ለማስተዋል መዘግየቴ ያሳፍረኛል።

ማረሚያው ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። ተማሪው መዳፉን ከአፉ ፊት አድርጎ፣ ያለ መሣሪያ፣ «ቱ» ቀጥሎም «ጡ» ይበል፤ ነፋሱ እንደሚመነምን ራሱ ይደርስበታል። ከዚያ አንድ ረጅም ድምፅ እየነፋ፣ ትንፋሹን ሳያቋርጥ፣ በምላሱ ብቻ ይከፋፍለው። ሁልጊዜ የሚደክመው «ኩ» ነውና፣ «ቱ»ን እስኪመስል ድረስ ለብቻው «ኩ ኩ ኩ» እየተባለ በዝግታ ይለመድ። ፍጥነት የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለክላርኔትና ለሳክስፎን ተማሪ ግን ይህን እንዳለ ማዘዝ አይገባም። የመሣሪያው ጫፍ አፉ ውስጥ ስለሚገባና ምላሱ ሸምበቆውን ስለሚነካ «ኩ» እጅግ ይከብደዋል፤ በእኔ አስተያየት አስቀድሞ ነጠላውን ምት ቢያቀልል ይሻለዋል።

ያ ወጣት ዛሬ በድርብ ምት 132 ላይ ይነፋል። «ኩ»ው አሁንም ጥቂት ያነክሳል።