ስምን መልአክ ያወጣዋልን?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበሩ «አንድ ነገር ተናገሩ» ባሉን ጊዜ፣ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ ሰው ምን ይናገራል ብለን አመንትተን ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጠን የሰው ስም ስንጽፍ ኖረናልና ስለ ስም ጥቂት ብንል አናፍርም።

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ስም የሰውን ጠባይና ዕድል ይዞ ይመጣል ማለታቸው ነው። እውነት ይሆን? ባሕር ዛፍን እንይ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ስሙ ወጣለት እንጂ የሚበቅለው ደጋ ላይ ነው፤ እንዲያውም ምንጭ ያደርቃል ተብሎ ይወቀሳል። አዲስ አበባም ስሟ በ1879 ዓ.ም. ሲወጣ አዲስ ነበረች፤ ዛሬ ከ130 ዓመት በላይ ሆኗት አሁንም «አዲስ» ነች።

በሰው ግን ነገሩ ይከብዳል። ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በዚህ ስም የሚነሣ ንጉሥ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል የሚል ትንቢት ስለ ነበረ ነው። ስሙን የመረጡት ራሳቸው ናቸው፤ ለስሙም ደከሙ። ሰላሙ ግን አልመጣም፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ሁለት ሕፃናት ከሞቱብን በኋላ የተወለደውን ልጅ ምትኩ አልነው። የአገር ልማድ ነው፤ ካሣ፣ ማስረሻ ከሚባሉትም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ልጁ ዐሥር ዓመት ሲሆነው፣ ራት ላይ «የማን ምትክ ነኝ?» ብሎ ጠየቀን። እናቱ እንጀራውን እንደ ያዘች ቀረች። ምን ይደረግ፣ ነገርነው። ከዚያ ወዲያ ቢታመም አይናገርም፤ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ እንዳንደነግጥ ጓሮ ወጥቶ ነው የሚያስለው። ጠባዩማ ያው ነው፤ ያን ጊዜም ለፍላፊ ነበር፣ ዛሬም ለፍላፊ ነው። ስሙ ጠባዩን አልለወጠውም፤ ሸክም ግን ጫነበት። የጫንነውም እኛ ነን፤ በመልአኩ አናመካኝ።

ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። አምና አንዲት እናታችን ሲያርፉ ጡሩምባ ነፊው በመዝገባችን ያለውን ስም እየጠራ ዞረ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን «የእገሌ እናት» እየተባሉ በበኩር ልጃቸው ስም ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሰው የሞተ መስሎት ቀረ። አርባ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ የታችኛው መንደር ወዳጃቸው የሰሙት ከቀብር መልስ ነው። መዝገቡን የያዝነው እኛ ነን፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

ስለዚህ የዘንድሮውን መዋጮ ስትከፍሉ ሦስት ስም ንገሩን፦ የመታወቂያውን፣ ሰፈር የሚጠራችሁንና ካህኑ በፍትሐት የሚያነሣውን የክርስትና ስም። ሙስሊም አባሎቻችን የፊተኞቹ ሁለቱ ይበቋቸዋል። የሰፈር ስማችሁ የሚያሳፍር ቢሆንም አትደብቁት፤ ጡሩምባ ነፊው ቀስ ብሎ ይለዋል። የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም፣ ይደገምበታል የምትሉ ደግሞ በፖስታ አሽጋችሁ ስጡን።