«ወጣሁ» ወይስ «አስወጡኝ»? ኤክስፔል ስለሚባለው ቃል
(ቤይሩት፣ በእሁድ ስብሰባችን የተደረገ ንግግር)

በስንት ልመና የተገኘችውን እሁዳችሁን ይዤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳወራ እንዳትስቁብኝ። እኔ ከ10ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን የቤቱን ልጆች መዝገበ ቃላት አቧራውን ስጠርግ ገልጬ ሳላይ አልመልሰውም።

ቃሉ «ኤክስፔል» ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ «ኤክስ» ወደ ውጭ፣ «ፔሌሬ» መግፋት፣ መንዳት ማለት ነው። ከብት እንደሚነዳው በሉት። ዘመዶቹን ታውቋቸዋላችሁ። የመርከብ ፕሮፔለር ወደ ፊት የሚገፋው ነው። ነርስ እጃችንን ይዛ የምትቆጥረው ፐልስ፣ የልብ ምት ማለት ነው፣ እሱም ከዚሁ ግፊት የወጣ ነው። «ኮምፔል» ደግሞ ማስገደድ ነው። ሳትወጂ ስትሠሪ ኮምፔል፣ ሳትወጂ ስትባረሪ ኤክስፔል፤ እናታቸው አንድ ናት። እኔን ይሄ ገርሞኛል።

ተማሪ ከትምህርት ቤት፣ አባል ከማኅበር፣ ዲፕሎማት ከአገር ሲባረር ኤክስፔል ይባላል። አየር ከሳንባ ማስወጣትም ኤክስፔል ነው። ሁሉም ላይ ግን የወጣው መጀመሪያ ውስጥ ነበር፣ የገፋውም አለ። ገፊ የሌለው ኤክስፔል የለም። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዲፖርት ሌላ ነው። እሱ «ፖርታሬ»፣ መሸከም፣ ከሚለው ላቲን ነው፤ ተሸክሞ ወስዶ ከአገር ማውጣት። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እዚህ ሊባኖስ የአምን አል ዓም። ማዳም «ዲፖርት አደርግሻለሁ» ብላ ብትጮህ ሄዳ ልትከስሽ ትችል ይሆናል፣ ዲፖርት አድራጊዋ ግን እሷ አይደለችም። ኤቪክት የሚባልም አለ፣ ከቤት ማስወጣት። ሥሩ ማሸነፍ ነው፣ ቪክትሪ ከሚለው ጋር አንድ፤ ድሮ በፍርድ ረትቶ ንብረትን መውሰድ ማለት ነበር። እኛን በሌሊት ሻንጣችንን ደረጃ ላይ ሲያስቀምጡልን የትኛው ዳኛ እንዳየው እንጃ!

በእኛ አማርኛ ግን «ተባረረች» ካልን አለቀ። ከሥራም ተባረረች፣ ከትምህርትም፣ ከቤትም፣ ከአገርም። አንዷ እህታችን እርዳታ ፈልጋ ስትደውል በእንግሊዝኛ «ማዳም ዲፖርት አደረገችኝ» አለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ታዲያ አሁን አዲስ አበባ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እሷ ያለችው እዚሁ፣ ሕንፃው በር ላይ ከነሻንጣዋ ቁጭ ብላ ነው። ኋላ ስቀናል፣ ያን ለት ግን ስንት ሰዓት አለፈ!

ለዲፖርትስ «ተጠረዘ» የሚል አለን። መጽሐፍ ሲሰፋም ተጠረዘ ነው። በዓረብኛ ደግሞ «ጠርድ» ማባረር ነው፣ በፖስታ የሚላክ ጥቅልም ጠርድ ነው። ወይ መጽሐፍ ወይ ጥቅል አደረጉን እኮ።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ልመለስ። እኛ ስናወራ «ከማዳም ቤት ወጣሁ» እንላለን። እፍረት ይሁን ጨዋነት፣ የገፋንን ሰው ከንግግሩ እናወጣዋለን። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል፦ ወጣች። ማዳም ደግሞ በሌላ በኩል ሄዳ «ሀርባኔ»፣ ጠፍታ የሄደች፣ ትላለች። እንግዲህ ሁለቱ ወረቀት ተስማማ ማለት ነው፤ ማን በሩን እንደዘጋ የሚናገር የለም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን አውጥቷታል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ የሰፈረች አንዲት ግስ ለእኛ ቀላል አይደለችም።

በ2020 እ.ኤ.አ. የሰኔውን አስታውሱ። ዶላር ሲጠፋ አሠሪዎች እህቶቻችንን በመኪና እያመጡ እዚሁ ቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ደመወዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ፣ ፓስፖርት በእጃቸው ያልነበረ ነበሩ። እነዚያ «ወጡ» ይባላሉ? ጠፉስ ይባላሉ? በሰው መኪና ተጭኖ የመጣ ጠፋ አይባልም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኤክስፔል የደብዳቤ ቃል ነው። በጽሑፍ ላይ ብታዩት አትደንግጡ፣ በአፍ ግን «ሺ ስሪው ሚ አውት» ማለት ይበቃል። በዓረብኛ «ጠረደትኒ»። በአማርኛ «አስወጣችኝ»፣ «አባረረችኝ»። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፓስፖርቱ ማን ጋ እንዳለ፣ የስንት ወር ደመወዝ እንደቀረ ተናገሩ። እሷ እንድትወጪ ያዘዘችበት የድምፅ መልእክት ስልክሽ ላይ ካለ አታጥፊው።

በሉ አሁን ሻይ ከመምጣቱ በፊት አብረን እንበለው፣ ከኋላ ያላችሁም ድምፃችሁ ይሰማ፦ ጠረደትኒ።